የኋላ ካሜራ በጨለማ አያይም፤ ሰው ይቁምልን



ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ስለ ቦኖ ውኃ ወረፋ ወይም ስላልተከፈለ መዋጮ አይደለም። የዚያ ማስታወቂያ ከጎን ተለጥፏል፤ የሚመለከታችሁ ታነቡታላችሁ። የአሁኑ ጉዳይ በመጪው እሑድ በጠቅላላ ስብሰባችን የምንወስንበት ነው። ይኸውም ከመሸ በኋላና ጎሕ ሳይቀድ በውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን ወደ ኋላ ስለሚነዱ የጭነት መኪናዎች ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መኪናው ካሜራ ኖረውም አልኖረውም፣ በጨለማ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ በእግሩ ቆሞ ይምራው። ሰው ከሌለ መኪናው አይንቀሳቀስ። አቋሜ ይኸ ነው፤ ምክንያቱን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ።

ነገሩ ከየት መጣ

አምበር የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው ያኖራት። የአነደድ ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን በአህያና በጋሪ ያመጣል፣ ነጋዴው በመጋዘን ያከማቻል፣ ጫኝና አውራጁ ይሸከማል፣ አይሱዙውና ሲኖትራኩ ይዞ ይሄዳል። ከቢቸናና ከሞጣ በኩል የሚመጣ መኪናም እዚህ ጎራ ብሎ የሚጭንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የጭነት መኪና ጠላታችን አይደለም፤ እንጀራችን ነው። ይህን የምለው ጽሑፌን አንብቦ «ጸሐፊው መኪና ጠልቷል» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው።

ችግሩ መንገዳችን ጠባብ መሆኑ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወደ መጋዘኖቹ የሚያስገባው መንገድ ትልቅ መኪና የሚያዞር አይደለም። ስለዚህ መኪናው ወይ ሲገባ ወይ ሲወጣ፣ ከሁለት በአንዱ፣ ሪትሮ ማርሽ አስገብቶ ወደ ኋላ መሄዱ የግድ ነው። ድሮ ይህ ሲሆን ሠፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል፣ ስፖንዳውን በእጁ ይመታል፣ «ና! ና! ና! ግራ ስበር! ቀኝ ስበር! ያዝ!» እያለ ይጮኻል። እናት ልጇን ትጠራለች፣ ሽማግሌው ከመንገዱ ጥግ ይይዛሉ። ጩኸቱ ቢያስቸግርም ማስጠንቀቂያ ነበር።

አሁን ያ ድምፅ እየቀነሰ ሄዷል። ባለመኪናው ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ ካሜራ ገዝቶ ከኋላ ያስገጥማል፤ ከሹፌሩ ፊት ደግሞ መዳፍ የምታህል ስክሪን ትሰቀላለች። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ተኝቷል፤ አንዳንዴም ጭራሹን የለም። ሹፌሩ ስክሪኑን እያየ በጸጥታ ወደ ኋላ ይመጣል። ቀን ከሆነ ብዙም አያስቸግርም። ማታ ግን ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው መኸር የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። መብራት ጠፍቶ በነበረበት ምሽት አንድ የጭነት መኪና፣ የባለቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ወደ መጋዘን በር ወደ ኋላ እየመጣ ሳለ የአንዲት አሮጊት እናታችንን አጥር ይዞ ገባ። ከአጥሩ ሥር አንድ ጫኝ ልጅ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ድካሙን ያሳርፍ ነበር። ጓደኛው አይቶ ባይጮህ ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ሹፌሩ ወርዶ እየተንቀጠቀጠ «ካሜራው እኮ ምንም አላሳየኝም!» አለ። ሰው ሁሉ ተቆጣው። እኔ ግን ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ስክሪኑን አየሁት። ዐመድ የመሰለ ነገር ላይ ነጠብጣብ ተበትኖበት ነበር፤ አጥሩም ልጁም አይለዩም። ሰውዬው አልዋሸም። የሚያስፈራውም እውነቱን መናገሩ ነው። ዐይን አለኝ ብሎ የመጣው መኪና ለካስ ዕውር ነበር።

ካሜራው ለምን በጨለማ አያይም?

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ መሐንዲስ አይደለሁም። ቢሆንም የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ልጆችን ጠይቄ፣ ሹፌሮችም ፈቅደውልኝ ከጋቢና ተቀምጬ አይቼ፣ የተረዳሁትን በእኛው አነጋገር ልንገራችሁ።

ካሜራ ብርሃን ለቃሚ ነው እንጂ ብርሃን ሰጪ አይደለም። በውስጡ ከጥፍር የምታንስ ብርሃን ተቀባይ ገበታ አለች። ይህችን ገበታ እንደ ትንሽ ቅል ቁጠሯት። ቀን ብርሃኑ እንደ ሐምሌ ዝናብ ስለሚወርድ ቅሏ ወዲያው ትሞላለች፤ ሥዕሉም ጥርት ይላል። ማታ ግን ብርሃኑ በግንቦት እንደ ደረቀ ምንጭ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ያን ጊዜ ካሜራው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ቅሏን ከምንጩ ሥር ረዘም አድርጎ ማቆየት ነው፤ በዚህ መሐል የተንቀሳቀሰ ሰው ግን እንደ ጢስ ይበተንና ጥላ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው የተገኘችውን ጠብታ በኃይል ማጉላት ነው፤ ያን ጊዜ ከብርሃኑ ጋር የመሣሪያው የራሱ ሁከት አብሮ ይጎላል። ስክሪኑ ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ የሚታየው ለዚህ ነው። መሣሪያው ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል ማለት ነው፤ ደኅናውም ቢሆን በጨለማ እንዲህ ያደርጋል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው ብትሉ፣ የብርሃን መለኪያ ሉክስ ይባላል። በጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ሙሉ ጨረቃ ግን ቢበዛ 0.3 ሉክስ ያህል ናት። ጨረቃም መብራትም በሌለበት ሌሊት ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ካሜራው የሚለቅመው ብርሃን ከራሱ ከመኪናው የኋላ መብራት ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

ይሁንና የኋላ ማርሽ መብራት ደካማ ነው። በብዙ መኪና ላይ ያለው የሪትሮ አምፖል 21 ዋት ሲሆን፣ የዚያው ባለ24 ቮልት መኪና የፊት አምፖል 70 ዋት ነው። የፊቱ በመስተዋት ተሰብስቦ ሩቅ እንዲወረወር ተደርጎ ተሠርቷል፤ የኋላው ግን ዝም ብሎ የሚበተን ነው። በዚያ ላይ ጭቃ ይለጠፍበታል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ይቃጠልና በአንዱ ብቻ ይሄዳል። የፊት መብራት ቢጠፋ ሹፌሩ ወዲያው ያውቃል፤ የኋላው ሲጠፋ ማን ያየዋል? ትራፊክ ካላስቆመው በስተቀር ወር ሙሉ ሳያውቅ ይነዳል።

አንዳንዱ ካሜራ ዙሪያውን ኢንፍራሬድ የሚባሉ ትንንሽ መብራቶች አሉት። ያንን ብርሃን የእኛ ዐይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል፤ ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ይህ ደኅና ነገር ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። በመኸር ጊዜ አቧራና እብቅ ሲነሣ፣ በክረምትም ዝናብ ሲሆን፣ ብርሃኑ ከአቧራውና ከጠብታው ላይ ተመልሶ ካሜራው ውስጥ ይገባል። በጭጋግ ውስጥ ትልቁን መብራት ያበራ ሹፌር ይህን ያውቀዋል፤ ፊቱ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም አለ። ከኋላ ሌላ መኪና መብራቱን አብርቶ ከቆመ፣ ወይም ባለመጋዘኑ በሩ ላይ ፓውዛ ሰቅሎ ወደ መንገዱ ካዞረው፣ ያ ኃይለኛ ብርሃን በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ካሜራው ለዚያ ብርሃን ብሎ ዐይኑን ያጠብባል፤ የቀረው ሁሉ ይጨልማል። መብራት ያለበት ቦታ ሁሉ ለካሜራ ይመቻል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። መብራቱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ነው ዋናው።

እንዲሁም የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ሰፊ ቦታ እንዲያሳይ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ ነገሩን ሁሉ ከሆነበት አርቆ ያሳያል። ሹፌሩ «ገና ነው» ሲል አጥሩ ደርሷል። ቀን ይህን በልምድና በጥላ ያርመዋል፤ ማታ ጥላም የለም።

በመጨረሻም የሹፌሩን የራሱን ዐይን አስቡት። የሰው ዐይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሹፌሩ ቦግ ያለ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቆይቶ ወደ ስፖኪዮ ሲዞር የሚያየው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ ካሜራው አለማየቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሊያይ የሚችለውንም የሰው ዐይን ያደክመዋል። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ያሉት አባቶቻችን ስክሪን ሳያዩ ነው፤ ተረቱ ግን ለስክሪን የተተረተ ይመስላል።

ሌላው ዓለምስ ምን አደረገ?

የኋላ ካሜራ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ቢዩክ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 ለትርኢት በሠራው አንድ መኪና ላይ በስፖኪዮ ፋንታ የቴሌቪዥን ካሜራ ከኋላ ገጥሞ አሳይቷል። ለገበያ በወጣ መኪና ላይ ደግሞ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓን አውጥቶታል።

ሕግ የሆነው ግን በሐዘን ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን የገዛ አባቱ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ተገጭቶ ሞተ። አባትየው ሐኪም ነበር፤ ሰካራምም ግድየለሽም አልነበረም። ቤተሰቡ ሳይታክት በመጮሁ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕፃኑ ስም የተሰየመ ሕግ ወጣ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ በዚያ አገር ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና በየዓመቱ በአማካይ 210 ሰው እንደሚሞትና 15,000 ሰው እንደሚጎዳ አስታውቋል። ከሟቾቹ 31 በመቶ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፣ 26 በመቶ ደግሞ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ይህን ቁጥር ሳነብ የታዩኝ የእኛው ሠፈር ሕፃናትና ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌዎቻችን ናቸው። የሚጎዳው የማይሰማውና የማይታየው ነው።

ከዚያ በኋላ ከግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ።

1ኛ/ ግዴታው ጠቅላላ ክብደታቸው እስከ 4,500 ኪሎ ግራም ገደማ ለሆኑ መኪናዎች ነው። የሚጭን አይሱዙም ሆነ ሲኖትራክ ከዚያ በላይ ነው። ያ ሕግ የእኛን ዓይነት የጭነት መኪና አይመለከትም።

2ኛ/ ካሜራው የሚፈተነው ከ7,000 እስከ 10,000 ሉክስ በሆነ ብርሃን ነው። ይህ ደመና ያለበት ቀን ብርሃን እንጂ ሌሊት አይደለም። መፈተኛው ላይ ሌሊት አልተጠየቀም። ስለዚህ «የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ተፈትኖ የመጣ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ ተፈትኗል፤ ግን በቀን የሚል ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ሥርም እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ኋላ ለሚሄዱ መኪናዎች ካሜራ ወይም ሌላ ጠቋሚ መሣሪያ የሚመለከት ደንብ ቁጥር 158 በሥራ ላይ ውሏል፤ የአውሮፓ አገሮችም ከጭነት መኪና ጭምር አዲስ ለሚወጡት ግዴታ አድርገውታል። ዓለም ወደ ካሜራ እየሄደ ነው፤ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን እነሱ ካሜራ የገጠሙት መብራት ባለው ግቢና መንገድ ላይ ነው። እኛ ግን መብራት በሚጠፋበት መንገድ ላይ ካሜራውን ገጥመን ሰውየውን አነሣነው። ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች መልስ

ጉዳዩን ለአንዳንድ ሰዎች ሳማክር የተነሡትን ሐሳቦች ሳልደብቅ ላቅርብ።

ሹፌሮች «ካሜራ ከሌለ የባሰ ነው፤ ስፖኪዮ ቀጥታ ከካሶኔው ኋላ ያለውን አያሳይም» ይላሉ። እውነት ነው። በስፖኪዮ የሚታየው ጎንና ጎኑ ነው፤ ልክ ከኋላ ያለው ሕፃን አይታይም። ስለዚህ ካሜራው ይንቀል የሚል ሰው ካለ እኔ ከሹፌሮቹ ጋር ነኝ። የምለው ካሜራው የሰው ረዳት እንጂ የሰው ምትክ አይሁን ነው።

ባለንብረቶች «ረዳት ደሞዝ ይበላል፣ አበል ይጠይቃል፤ ኑሮው ከብዷል» ይላሉ። ኑሮው መክበዱን ማን ይክዳል? ነገር ግን እኛ አዲስ ሰው ቅጠሩ አላልንም። መኪና በሚጫንበት ቦታ ሁሉ ጫኝና አውራጆች አሉ። ከእነሱ አንዱ ተራ ይዞ መኪናው እስኪቆም ይምራ፤ ለዚያች ለአምስት ደቂቃ ሥራ የሚገባውን ከጫኙ ሒሳብ ጋር መስማማት ይቻላል። አንድ እግር ከተሰበረ ሕክምናው፣ ሽምግልናው፣ የቆመው መኪና ኪሣራ ስንት ነው? ሕይወት ከጠፋ ደግሞ በገንዘብ የሚመለስ የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። እዚያ ላይ የሚቆመው ሰውየው ነው፤ ካሜራው ተከስሶ አያውቅም።

ከአባሎቻችን መካከል ደግሞ «ከመሸ በኋላ የጭነት መኪና ጨርሶ ሠፈር አይግባ» የሚሉ አሉ። የእነዚህን ሰዎች ሥጋት አከብራለሁ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ያሏቸው ናቸው። በውሳኔው ግን አልስማማም። መንገድ ተዘግቶ ሲከፈት ጭነቱ በአንድ ጊዜ ይከመራል፤ በተገኘው ሰዓት ካልተጫነ እህሉ ይቆማል፣ ጫኙም ጦሙን ያድራል። ከዚህም የከፋው ደግሞ እንዳይገባ የተከለከለ መኪና የትም አይሄድም፤ አስፋልቱ ዳር ይቆማል። በጨለማ መብራት አጥፍቶ አውራ ጎዳና ላይ የቆመ ከባድ መኪና ምን እንደሚያመጣ ለዚህ ከተማ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሠፈር ያባረርነውን አደጋ አስፋልት ላይ ማስቀመጥ መፍትሔ አይሆንም።

በመጨረሻም አንድ ረዳት የጠየቀኝን ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ ከመኪናው ኋላ የሚቆመው ሰውስ እሱ ቢገጭ?» አለኝ። ይህ ከሁሉ የበለጠ ጥያቄ ነው። መልሱም አቋቋምን ማወቅ ነው። የሚመራው ሰው ልክ ከመኪናው ኋላ አይቆምም፤ በሹፌሩ በኩል፣ በግራ ጎን፣ ሹፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው ቦታ ራቅ ብሎ ይቆማል። ወደ ኋላ እያፈገፈገ አይሄድም፤ ድንጋይና ጉድጓድ አለና። ባትሪውን ሹፌሩ ዐይን ላይ ወይም ካሜራው ላይ አያበራም፤ መሬቱ ላይና መሰናክሉ ላይ ያበራል። የሚመራውም አንድ ሰው ብቻ ነው። አምስት ሰው «ና» እና «ቁም» እያለ ቢጮህ ሹፌሩ የማንን ይስማ? «ቁም» የሚለውን ቃል ግን ማንም ቢናገረው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ሹፌሩ ወዲያው ይቁም።

ለስብሰባው የማቀርባቸው ሐሳቦች

ከላይ በዘረዘርኳቸው ምክንያቶች የሚከተሉትን ነጥቦች ለእሑዱ ስብሰባ አቀርባለሁ፤

1ኛ/ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ በውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን ወደ ኋላ የሚሄድ የጭነት መኪና ሁሉ ባትሪ በያዘ አንድ ሰው ይመራ። ሰው ካልተገኘ ሹፌሩ እስኪገኝ ይጠብቅ።

2ኛ/ ሹፌሩ የሚመራውን ሰው ከስፖኪዮ ካጣው ወዲያው ይቁም። ሰውየው የት እንደሄደ ሳያውቅ አንድ ስንዝር አይንቀሳቀስ። መኪና በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ እንኳ በአንድ ሰከንድ 1.4 ሜትር ይጓዛል። ሁለት ሰከንድ ከዘነጉ ወደ 3 ሜትር ማለት ነው፤ ይህ ከአንድ የቤት በር እስከ አጥሩ ነው።

3ኛ/ ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ወርዶ መኪናውን ይዙር። መስኮቱን ይክፈት፣ ቴፑን ያጥፋ። ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ የሚለው ማስጠንቀቂያ ያለው መኪና ሽቦውን አይቁረጥ። እንቅልፍ ይነሣናል የሚሉ አባሎች ለዚች ጥቂት ጊዜ ይታገሡን።

4ኛ/ የካሜራው ሌንስና የሪትሮ መብራቱ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። ይህ ሳንቲም አያስወጣም። ለባለንብረቶች ደግሞ የምለው፣ ከሪትሮ ማርሹ ጋር አብሮ የሚበራ ተጨማሪ መብራት ከኋላ ቢያስገጥሙ ካሜራውም በእጅጉ ያይላቸዋል። መብራቱ ወደ መሬት ያጎንብስ፤ ሌንሱን አያንካ። የተገዛው ካሜራ ለ24 ቮልት መኪና የሚሆን መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ የ12 ቮልቱ ያለ መቀነሻ ከተያዘ ይቃጠላል። የስክሪኑም ብርሃን ማታ ዝቅ ይደረግ።

5ኛ/ ባለመጋዘኖች በራቸው ላይ ያለውን ፓውዛ ከመንገዱ አዙረው ከላይ ወደ ታች መሬቱን እንዲያበራ ያድርጉ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚያገለግል በባትሪ የሚሠራ መብራት በየመጋዘኑ ይቀመጥ።

6ኛ/ ማኅበሩ ከመዋጮው ሁለት ጠንካራ ባትሪዎች ገዝቶ አንዱን ከሠፈሩ ዘበኛ ዘንድ፣ ሌላውን ከጫኝና አውራጆች ተወካይ ዘንድ ያስቀምጥ። ባትሪ የለኝም ብሎ የሚያመካኝ እንዳይኖር ነው። በጣም ጠባብ በሆኑት ሁለት መታጠፊያዎችም ላይ ድንጋይ ተተክሎ ነጭ ኖራ ይቀባ፤ ነጭ ነገር በካሜራም በዐይንም ቶሎ ይታያል።

7ኛ/ ወላጆች መብራት ሲጠፋ ልጆቻቸው በቆመ መኪና ዙሪያ ድብብቆሽ እንዳይጫወቱ ይከልክሉ። የቆመ መኪና ሥር መደበቅ ለልጅ ደስ ይለዋል፤ ሹፌሩ ግን ይህን አያውቅም። ሌሊት ለኪዳንና ለማሕሌት የሚወጡ እናቶችና አባቶች ነጠላቸውና ጋቢያቸው ነጭ ስለሆነ ከሌላው ይሻላሉ፤ ቢሆንም ሞተሩ ከተነሣ መኪና ኋላ አይለፉ። ይህን ስል ግን ጥፋቱን በእነሱ ላይ ለመጫን አይደለም። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት ከሲኖትራክ እንዲሸሹ መጠበቅ ነውር ነው። ጥንቃቄው በመጀመሪያ የነጂው ነው።

ይህ ውሳኔ ለማን ነው የሚያገለግለው?

አንዳንዱ ሰው «ማኅበር ምን ሥልጣን አለው? ሕግ የሚያወጣው መንግሥት ነው» ይል ይሆናል። አዎን፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጣ የመንገድ ትራፊክ ደንብ አለ። ትራፊክ ፖሊስም አለ። ነገር ግን ትራፊክ ፖሊስ የሚቆመው አስፋልቱ ላይ ነው፤ ከመጋዘኑ በር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አይገኝም። እዚያ ያለነው እኛ ነን። እኛ መቅጣት አንችልም፤ መስማማት ግን እንችላለን። ባለመጋዘኑ ጎረቤታችን ነው፣ ጫኙ ልጃችን ነው፣ ሹፌሩም ቢሆን ውሎ ማደሪያው እኛ ዘንድ ነው። ቀብርም ሠርግም አብረን የምንውል ሰዎች በአንድ ባትሪ መስማማት ካቃተን ማኅበር መባላችን ምን ያረጋል? «ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጥንቃቄውን ለአንድ ሹፌር ብቻ ብንጥልበት ይከብደዋል፤ ብንካፈለው ግን ምንም አይደለም።

ሹፌሮችንም በተለይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህን ጽሑፍ እንደ ክስ አትዩብኝ። ሌሊት መንዳት፣ በእንቅልፍና በብርድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ያን የሚያህል መኪና ወደ ኋላ ማስገባት፣ ከባድ ሥራ መሆኑን እናውቃለን። ሰው ገጭቶ ዕድሜ ልኩን ያን ምሽት የሚያስብ ሹፌር እንዲኖርም አንፈልግም። የሚመራችሁ ሰው ልጆቻችንን የሚጠብቀውን ያህል እናንተንም ይጠብቃል።

ስብሰባው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተለመደው ቦታ ይደረጋል። ባለመጋዘኖች፣ የጫኝና አውራጅ ተወካዮችና በሠፈራችን የሚያድሩ ሹፌሮች አባል ባይሆኑም እንዲገኙ ተጋብዘዋል፤ ነገሩ የእነሱም ነውና ያለ እነሱ ብንወስን አይጸናም። ሐሳቤን የሚቃወም ሰው መጥቶ ይቃወመኝ፤ የተሻለ ካለው እኔም እጄን አወጣለታለሁ። በቤት ቁጭ ብሎ ማማት ግን አጥር አይጠግንም።

እስካሁን እግዚአብሔር ጠብቆናል፤ ያፈረሰብን አጥር ብቻ ነው። መኸሩ እየደረሰ ነው፤ መኪናውም ይበዛል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ብንሰበሰብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የሚሆነው።

ከአክብሮት ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ
አምበር